መሸሽ የማይችል ሥር፦ ገብስ በአዊ ኮምጣጣ አፈር ውስጥ እንዴት መልእክት ይለዋወጣል?

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ የገበሬ ቤት አስቡ። ከቤቱ ጀርባ ጓሮ አለ። ጎመኑ ሰፋፊ ቅጠል አውጥቷል፣ ጥጉ ላይ የተዘራው ገብስም ቁመቱ ደህና ነው። ከጓሮው ሁለት መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ማሳው ይገኛል። እዚያ ያለው ገብስ አጭርና ቢጫ ነው። አንዱን ነቅላችሁ ብታዩት ሥሩ አጥሮ፣ ወፍሮ፣ ጫፉ ዱልዱም ሆኗል። ዝናቡ ያው ነው፣ ዘሩ ያው ነው፣ አፈሩም ያው ቀይ አፈር ነው። ታዲያ ምን ለያቸው?

እኔ ያደግኩት ዳንግላ ነው። ይህን ጥያቄ ልጅ ሆኜ አያቴን ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ «መሬቱ ደክሟል።» በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ምህንድስና ተማርኩ። ሴንሰር ምልክት ይቀበላል፣ መቆጣጠሪያው ይወስናል፣ ሞተሩ ይንቀሳቀሳል፤ የእኛ ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው። ስለ ዕፅዋት ማንበብ የጀመርኩት በአጋጣሚ ነው። ያኔ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። የገብስ ሥር ጫፍ ላይ ያለው ሥርዓት እኛ በላብራቶሪ ከምንሠራው ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሴንሰር አለው፣ መልእክተኛ አለው፣ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለው። ማሳው ላይ ያለው ገብስ የሚኖረው ወይም የሚሞተው ያ መልእክት በጊዜ ደርሶ በሩ በመከፈቱ ወይም ባለመከፈቱ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው።

አፈሩ እንዴት ኮመጠጠ?

አዊ ዝናብ የማይነፈገው አገር ነው። እንጅባራ አካባቢ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ዝናብ በረከት ነው፤ ግን ከአፈር ውስጥ የሚወስደው ነገርም አለ። ለሺህ ዓመታት የዘነበ ውኃ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን እያጠበ ወደ ታች ይዟቸው ይሄዳል። በእነሱ ምትክ የሃይድሮጅንና የአሉሚኒየም አየኖች በአፈሩ ቅንጣት ላይ ይቀመጣሉ። ሰውም ያግዘዋል። አዝመራውን አጭደን ገለባውን ጭምር ወደ ቤት ስንወስድ ከአፈሩ የወጣው ካልሲየም አይመለስም። እንደ ዩሪያ ያሉ ማዳበሪያዎችም በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጡ አሲድ ይፈጥራሉ።

የአሲዱ መጠን የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በታች ሲወርድ አፈሩ ይኮመጥጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ መለኪያ እንደ ሜትር እኩል እኩል አይሄድም። ፒኤቹ 4.5 የሆነ አፈር 5.5 ከሆነው አፈር በአሲድነቱ 10 እጥፍ ይበልጣል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ በተለያየ ደረጃ አሲዳማ እንደሆነ ይነገራል፤ የአዊ ደጋም ችግሩ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

የጓሮው ምሥጢር አሁን ይገለጥላችኋል። እናቶች በየቀኑ ከምድጃ የሚያወጡትን አመድ የት ይደፋሉ? ጓሮ። የከብቱስ ፍግ? እሱም ጓሮ። አመድ ካልሲየምና ፖታሲየም ያለበት አሲድ አጥፊ ነገር ነው። ማንም ሳያስበው፣ ለዓመታት በየቀኑ በአካፋ አመድ ጓሮው ታከመ፤ ማሳው ግን ቀረ።

ጠላቱ አሉሚኒየም ነው

ብዙ ሰው ኮምጣጣ አፈር ላይ ሰብሉን የሚጎዳው አሲዱ ራሱ ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን ዋናው ገዳይ አሉሚኒየም ነው። ድስትና ቆርቆሮ የሚሠራበት ያው አሉሚኒየም! ከምድር ቅርፊት 8 በመቶ የሚሆነው እሱ ነው፤ ከብረታ ብረት ሁሉ በብዛት አንደኛ ነው። በደህና አፈር ውስጥ ከኦክሲጅንና ከሲሊከን ጋር ተቆራኝቶ በሸክላው ውስጥ ተኝቷል፤ ማንንም አይነካም። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ ግን መሟሟት ይጀምራል። ከ5 በታች ሲሆን ደግሞ ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከመ አየን ሆኖ በአፈሩ ውኃ ውስጥ ይዋኛል።

እውነቱን ለመናገር አሉሚኒየም «ከባድ» ከሚባሉት ብረታ ብረቶች ወገን አይደለም። እርሳስ ከውኃ 11 ጊዜ ሲከብድ አሉሚኒየም ከሦስት ጊዜ በታች ነው የሚከብደው። ለሥር ግን ክብደቱ ምኑ ነው? ጉዳቱና የዕፅዋቱ ምላሽ ከካድሚየምና ከእርሳስ ጋር ብዙ የሚያመሳስለው አለ። እንዲያውም በአገራችን ገበሬ ማሳ ላይ በስፋት የሚታየው የብረታ ብረት ጉዳት ይኸው የአሉሚኒየም ነው።

ለስሜተኛ ሰብል በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከአንድ ሚሊ ግራም ያነሰ የሟሟ አሉሚኒየም ይበቃል። የሚመታው ቦታ የታወቀ ነው፤ የሥሩን ጫፍ፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሚሊ ሜትሮች። ሥር የሚያድገው እዚያ ስለሆነ ነው። አሉሚኒየሙ የሴሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና ግድግዳው እንዳይለጠጥ ያደርገዋል። ጉዳቱ ወራት አይፈጅም፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሥሩ እድገት ሲቀንስ የታየባቸው ሙከራዎች አሉ። ሥሩ ካጠረ ውኃና ፎስፈረስ ፍለጋ ወደ ታች መውረድ አይችልም። ከላይ የምናየው ቢጫ ቅጠል እንግዲህ የታችኛው ታሪክ መጨረሻ ነው።

ጠላ ሲጠመቅ አይታችሁ ከሆነ ብቅል ታውቃላችሁ። ገብሱ ተነክሮ፣ ታፍኖ፣ በሁለት በሦስት ቀን ነጭ ክር የመሰለ ሥር ያወጣል። የዚያች ክር ጫፍ ናት እንግዲህ ይህን ሁሉ የምትጋፈጠው።

ማንቂያው እንዴት ይደወላል?

እንስሳ ቢሆን ይሸሻል። ፈረስ መጥፎ ሣር ከሸተተው ራቅ ብሎ ይግጣል። ተክል ግን በተዘራበት ይኖራል። ስለዚህ ያለው አማራጭ አንድ ነው፦ አደጋውን ቶሎ ማወቅና ለሌሎቹ ሴሎች መንገር። ይህን የሚነግሩት መልእክተኛ ሞለኪውሎች ይባላሉ። ካልሲየም፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ እንዲሁም ኦክሲንና ኤትሊን የተባሉት ሆርሞኖች ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

አንዱን ታሪክ በደንብ እንየው፤ ምክንያቱም ሳይንቲስቶች ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማገናኘት ረጅም ዓመታት ወስዶባቸዋል። ሙከራው የተሠራው አራቢዶፕሲስ በተባለች የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ በሆነች ትንሽ አረም ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የጃፓን ተመራማሪዎች ስቶፕ-1 የተባለ ፕሮቲን አገኙ። ስቶፕ-1 እንደ አዛዥ ነው፤ ወደ ሴሉ ኒውክለስ ገብቶ የመከላከያ ዘረ መሎችን ያስነሳል። ግን አዛዡ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ቢሆን ተክሉ ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል። ስለዚህ በሰላም ጊዜ አርኤኢ-1 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ስቶፕ-1ን እየተከታተለ እንዲፈርስ ምልክት ያደርግበታል። ተክሉ አዛዡን እየሠራ ወዲያው ያፈርሰዋል ማለት ነው። ብክነት ይመስላል፣ አይደል? ምህንድስና የተማረ ሰው ግን ዘዴው ይገባዋል። አደጋ ሲመጣ አዛዡን ከባዶ መሥራት አያስፈልግም፤ ማፍረሱን ማቆም ብቻ ይበቃል። ፍጥነት የተገዛው በዚህ ዋጋ ነው።

ታዲያ ማፍረሱን የሚያስቆመው ማነው? መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። የቻይና ተመራማሪዎች በሴል ሽፋን ላይ የተተከለ ኤኤልአር-1 የተባለ ፕሮቲን አሉሚኒየምን ራሱን እንደሚለይ አሳዩ። ሴንሰሩ ይህ ነው። አሉሚኒየም ሲነካው ጎረቤቱ ያለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ያ ኢንዛይም በበኩሉ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድንና ወንድሞቹን ያመነጫል። እነዚህ መልእክተኞች ደግሞ አፍራሹን አርኤኢ-1ን አግኝተው ኦክሳይድ ያደርጉታል፤ ያደክሙታል። ስቶፕ-1 ተረፈ። ኒውክለስ ውስጥ ተከማቸ። የመከላከያው ትእዛዝ ወጣ።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ታውቁታላችሁ። ጤና ጣቢያ ቁስል ላይ ሲያፈሱት አረፋ የሚያወጣው ነው። ጀርም ይገድላል፣ ፀጉር ያነጣል። በሴል ውስጥም ከበዛ ሽፋኑንና ዲኤንኤውን ያቃጥላል። ያው መርዝ በጥቂቱ፣ በቦታውና በሰዓቱ ሲሆን ግን መልእክተኛ ነው።

አዊ የፈረስ አገር ስለሆነ በፈረስ ልመስልላችሁ። መልእክት የያዘ ፈረሰኛ ይመጣል፣ ቃሉን ያደርሳል፣ ይመለሳል። መቶ ፈረሰኛ መጥቶ አልመለስም ቢል ግን ፈረሶቹ የመንደሩን ሰብል ይጨርሱታል። ስለዚህ ሴሉ መልእክተኞቹን የሚያሰናብት ሌላ ሠራተኛ አለው፤ ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ውኃና ኦክሲጅን ይሰብረዋል። ያ ቁስል ላይ ያያችሁት አረፋ እኮ በደም ውስጥ ያለው ካታሌዝ ያንኑ ሥራ ሲሠራ የሚወጣው ኦክሲጅን ነው! ብረትን የሚቋቋም ተክል የሚባለው መልእክተኛ የማያመነጨው አይደለም፤ በልኩ አመንጭቶ በጊዜ የሚያሰናብተው ነው።

እሾህን በእሾህ

ትእዛዙ ወጣ እንበል። ምን ይደረጋል? በሥሩ ጫፍ ሴሎች ላይ በሮች ይከፈታሉ፤ በበሮቹም ማሌት ወይም ሲትሬት ወደ አፈር ይወጣል። ማሌት ፖምን ያኮመጠጠው፣ ሲትሬት ሎሚን ያኮመጠጠው ነው። ከኮምጣጣ አፈር ጋር የሚደረገው ትግል በሎሚና በፖም አሲድ ነው ማለት ነው! እነዚህ ሞለኪውሎች አሉሚኒየሙን ከበው ይይዙታል። የተያዘ አሉሚኒየም እዚያው አፈሩ ውስጥ አለ፤ ግን ሥሩን አይጎዳም።

ይህ ነጻ አይደለም። ማሌት የሚሠራው ተክሉ በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ነው። ስለዚህ ተክሉ ሥሩን በሙሉ አይጠብቅም፤ ጫፉን ብቻ ይጠብቃል። መሐንዲስም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይቆጥብም።

ሰብሎች በዚህ ጉዳይ እኩል አይደሉም። አሉሚኒየምን የሚችል ስንዴ በሮቹን አስቀድሞ ሠርቶ ይጠብቃል፤ አሉሚኒየሙ በሩን ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ማሌት ይወጣል። የዚህ በር ዘረ መል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሌሎች ተክሎች ግን በሩን የሚሠሩት ከማንቂያው በኋላ ስለሆነ ሰዓታት ያልፋሉ። ገብስ ደግሞ ከእህል ዘሮች መካከል ለአሉሚኒየም በጣም ስሜተኛ ከሚባሉት ነው። ጎጃም ውስጥ መሬቱ ሲደክም ገበሬው ከገብስ ወደ እንግዶ የሚዞረው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዶ የአጃ ወገን ነው፤ አጃ ደግሞ ኮምጣጣ አፈርን ከገብስ ይልቅ ይችላል።

የገብስ ታሪክ ግን አንድ የሚያስደንቅ ምዕራፍ አለው። አብዛኛው ገብስ ሲትሬት የሚያወጣው በር አለው። ችግሩ በሩ ያለበት ቦታ ነው። በሩ ያለው በሥሩ መሐል ሲሆን ሥራውም ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥር ወደ ቅጠል እንዲጓዝ መርዳት ነው። ጫፉ ላይ ግን የለም። በቻይና፣ በኮሪያና በጃፓን ኮምጣጣ አፈር ላይ ለዘመናት የተዘሩ አንዳንድ የገብስ ዝርያዎች ዘረ መላቸው ሲነበብ፣ ከበሩ ዘረ መል ፊት ለፊት 1,000 ያህል ፊደል ርዝመት ያለው ተጨማሪ ቁራጭ ተገኘ። ይህ በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ያቺ ቁራጭ ያደረገችው ነገር ቢኖር ያንኑ በር ሥሩ ጫፍ ላይ ጭምር እንዲሠራ ማዘዝ ነው። አዲስ በር አልተፈጠረም። የቆየው በር ትክክለኛው ቦታ ላይ ተተከለ፤ ገብሱም አሉሚኒየምን ቻለ።

ሥሩ የሚቆመው ተጎድቶ ብቻ ነው?

ሌላም ያልጠበቅኩት ነገር አነበብኩ። አሉሚኒየም ያገኘው ሥር ማደጉን የሚያቆመው ስለተጎዳ ብቻ አይደለም፤ በከፊል ራሱ ስለሚወስን ነው። አሉሚኒየም ሲነካው በሥሩ ጫፍ ኤትሊን ይጨምራል። ኤትሊን ያው ሙዝን የሚያበስለው ጋዝ ነው። ኤትሊኑ ኦክሲን የተባለው ሆርሞን ከጫፉ ጀርባ ባለች ጠባብ ቀጠና ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል፤ የተከማቸው ኦክሲንም እድገቱን ይገታል። በአራቢዶፕሲስ ላይ ይህ መልእክት እንዳይተላለፍ ሲደረግ ሥሩ አሉሚኒየም እያለም የተሻለ አድጓል።

ይህ ሞኝነት ነው ወይስ ጥበብ? መርዛማ ቦታ ወደፊት ከመሄድ ቆም ማለት ጥበብ ሊሆን ይችላል። ማሳው በሙሉ ኮምጣጣ ከሆነ ግን ቆሞ መቅረት ነው። መልእክት ብቻውን ተክልን አያድንም፤ ከመልእክቱ በኋላ የሚወሰነው ውሳኔ ከአፈሩ ጋር መግጠም አለበት።

የናይትሪክ ኦክሳይድ ነገርም እንዲሁ ነው። ይህ ጋዝ በእኛ ደም ሥር ውስጥ መልእክተኛ መሆኑን ያገኙ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በዕፅዋትም ውስጥ አለ። በአንዳንድ ተክሎች ላይ ናይትሪክ ኦክሳይድ በትንሽ መጠን ሲጨመር ሥራቸው በአሉሚኒየም መካከል የተሻለ አድጓል። ከካድሚየም ጋር በተደረገ ሙከራ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። ካድሚየም ወደ ሥር የሚገባው ብረት በሚገባበት በር ነው፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያ በር እንዲበዛ ስላደረገ ካድሚየሙም አብሮ ገባ። አንዱ መልእክተኛ በአንዱ ብረት ሐኪም፣ በሌላው ደግሞ በር ከፋች ሆነ ማለት ነው።

ውጭ ማስቀረትና ውስጥ ማከማቸት

ካድሚየምን ካነሳን አይቀር፣ ለጥቂት ደቂቃ ከአዊ ወጥተን አዲስ አበባ እንሂድ። እዚያ ያለው ችግር የተፈጥሮ አሲድ ሳይሆን የሰው ቆሻሻ ነው። የአቃቂ ወንዝ ከፋብሪካና ከከተማ የሚወጣ ፍሳሽ ይሸከማል፤ በዚያው ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ለዓመታት የተደረጉ ጥናቶች በእነዚህ አትክልቶች ውስጥ እንደ ካድሚየም፣ እርሳስና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረታ ብረቶችን አግኝተዋል።

እዚህ ተክሉ ሌላ ዘዴም ይጠቀማል። መልእክቱ ሲደርስ ሴሎቹ ፋይቶኬላቲን የተባሉ ትናንሽ የፕሮቲን ሰንሰለቶች ይሠራሉ። እነዚህን የጀርመን ሳይንቲስቶች ያገኟቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ሰንሰለቶቹ በውስጣቸው ባለው ሰልፈር ካድሚየሙን ጥርቅም አድርገው ይይዙና ቫኩዮል ወደተባለው የሴሉ ጎተራ ያስገቡታል። ተቆለፈበት። ተክሉ አለምልሞ ይኖራል።

ተክሉን የሚበላውስ? አሉሚኒየምን በማሌት ውጭ ያስቀረ ስንዴ ለሚበላው ሰው ችግር የለበትም። ካድሚየምን ቅጠሉ ውስጥ ያከማቸ ጎመን ግን ራሱን አድኖ መርዙን ለእኛ ያስተላልፋል። በጃፓን የጂንዙ ወንዝ ዳር በማዕድን ቆሻሻ በተበከለ ውኃ የበቀለ ሩዝ የበሉ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቷል፣ አጥንታቸው ተሰባብሯል። ሩዙ ግን ሩዝ ነው የሚመስለው። ስለዚህ «ይህ ተክል ብረትን ይቋቋማል» ሲባል ብትሰሙ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ብረቱን የት አስቀመጠው?»

ወደ አዊ እንመለስ

ይህ ሁሉ ለአያቴ ማሳ ምን ያደርጋል? ጥያቄው ዛሬ ከመቼውም በላይ አጣዳፊ ነው። ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ብዙ ገበሬ የደከመ ማሳውን በዲከረንስ ተክሏል። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ የግራር ዘመድ ኮምጣጣ አፈርን ይችላል፣ ናይትሮጅንም ከአየር ይወስዳል፤ በአምስት ዓመት ገደማ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፣ ከሰሉም አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል። ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ብዙ ልጅ የተማረው በዚህ ገንዘብ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን የዝገት በሽታ የተባለ ፈንገስ ዛፉን መታው። ዛፉ የደረቀበት ገበሬ ወደ ገብስና ስንዴ ልመለስ ሲል አፈሩ ይጠብቀዋል።

የመጀመሪያው መልስ የግብርና ኖራ ነው። ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ አሲዱን ይበላዋል፣ ፒኤቹ ሲወጣም አሉሚኒየሙ ተመልሶ ይተኛል። ጓሮ ላይ አመዱ ያደረገውን በማሳ ላይ በብዛት እንደማድረግ ነው። ድካሙ ግን ቀላል አይደለም። የሚያስፈልገው በሄክታር በቶን የሚቆጠር ነው። መጓጓዝ አለበት፣ ከመዝራት ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር በደንብ መቀላቀል አለበት፣ ከዓመታት በኋላም ይደገማል። ደግሞ ኖራ ከላይ ማረሻ በሚደርስበት ጥልቀት ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ በታች አፈሩ አሁንም ኮምጣጣ ነው። ዝናቡ ሲያጥር ውኃ ያለው ደግሞ እዚያ ታች ነው።

ሁለተኛው መልስ እዚህ ላይ ይገባል፦ ዘሩ። ኖራ የላይኛውን አፈር ያክማል፤ የታችኛውን የሚጋፈጠው ግን መልእክቱን ቶሎ ሰምቶ በሩን የሚከፍት ሥር ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በገብስ ዘር ብዛት በዓለም ከታወቁት አገሮች አንዷ ናት። አዲስ አበባ ባለው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የጂን ባንክ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የገብስ ናሙናዎች ተቀምጠዋል። ኮምጣጣ አፈር ላይ ለዘመናት ሲዘሩ ከኖሩት የደጋ ገብሶቻችን መካከል በሩን ወደ ሥሩ ጫፍ ያመጣ ይኖር ይሆን? መፈተሻው ውድ አይደለም። ቡቃያውን አሉሚኒየም ባለበት ውኃ ውስጥ አሳድጎ ሥሩን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ሄማቶክሲሊን የተባለ ቀለምም አለ፤ አሉሚኒየም የገባበትን የሥር ጫፍ ወይን ጠጅ ያደርገዋል። ነጭ ሆኖ የቀረው የምንፈልገው ነው።

መልእክተኛ ሞለኪውሎችን ራሳቸውን መጠቀምስ? ዘርን በጣም ቀጭን በሆነ የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወይም የሳሊሲሊክ አሲድ ውኃ ነክሮ አስቀድሞ ማንቃት በላብራቶሪ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ግን የፈረሰኞቹን ምሳሌ አትርሱ፤ ትንሽ ከበዛ ያው መልእክተኛ ራሱ ቡቃያውን ያቃጥላል። ስለዚህ ማንም ተነስቶ የዘር ገብሱን ፐርኦክሳይድ ውስጥ እንዳይነክር! አዊ ማሳ ላይ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የአፈር ምርመራ፣ ከዚያ ኖራ፣ ከዚያም የተመረጠ ዘር ነው።

እናንተ ልትሞክሩት የምትችሉት

ሁለት ጣሳ አዘጋጁ፤ ከታች ቀዳዱአቸው። አንዱን ደካማ ከሚባል ማሳ ባመጣችሁት አፈር ሙሉ። ሁለተኛውንም በዚያው አፈር ሙሉና አንድ ማንኪያ የተነፋ የእንጨት አመድ በደንብ ቀላቅሉበት፤ አታብዙ። በየጣሳው አሥር አሥር የገብስ ፍሬ ዝሩ፣ እኩል ውኃ አጠጡ። በስድስተኛው ቀን አፈሩን በውኃ ቀስ ብላችሁ እጠቡና የሁሉንም ሥር ለኩ። አማካዩን አውጡ።

«አመዱ ማዳበሪያም ስለሆነ ነው እንጂ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው! ስድስት ቀን ያልኩት ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቡቃያው የሚመገበው ከፍሬው ውስጥ ያለውን ስንቅ ነው፤ ከአፈር ገና ብዙ አይፈልግም። ስለዚህ በዚያ ጊዜ የሚታየው የሥር ልዩነት በአብዛኛው የሚነግራችሁ ስለ ምግቡ ሳይሆን ሥሩ ስለገባበት አፈር ነው። ጎረቤታችሁ ሌላ ዓይነት ገብስ ካላቸው እሱንም ጨምሩ። አመድ በሌለበት ጣሳ ውስጥ ሥሩ ረዝሞ የተገኘ ገብስ ካለ ዘሩን አትብሉት፤ ስሙንና የመጣበትን ቀበሌ ጽፋችሁ ያዙ።

አያቴ «መሬቱ ደክሟል» ሲሉ አልተሳሳቱም። እኔ ላክልበት የምችለው አንድ ነገር ነው፦ መሬቱ ሲደክም ሥሩ ዝም አይልም፤ ይሰማል፣ መልእክት ይልካል፣ በር ፍለጋ ይሄዳል። በሩን ትክክለኛው ቦታ ላይ ያገኘውን ገብስ ፈልጎ ማግኘት የእኛ ሥራ ነው።